የደርሶ መልስ ለቅሶ

አንዳንድ ሰው ወዳጁን የሚያከብረው ጊዜውን በመስጠት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን በማሳየት። መምህር አስናቀ ከፊት አሳዮቹ ወገን ነበሩ። ይህንንም እንደ ጉድለት ቆጥረውት አያውቁም፤ እንዲያውም ሀገር የቆመው ከቁም ነገር በማይቀሩ ሰዎች ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ተወልደው ያደጉት ሸዋ ነው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ለማስተማር መቀሌ ተመደቡ፤ አንድ ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ሲሉ ለተመድህንን አገቡና ከተማዋ ቤታቸው ሆና ቀረች። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዩኒት መሪ ሆነው የስም መቆጣጠሪያ ታቅፈው በየክፍሉ በር ቆመዋል። ለእርሳቸው የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተገኘና የቀረ። ጡረታ ሲወጡ የስም መቆጣጠሪያውን ለትምህርት ቤቱ አስረከቡ፤ ዐይናቸውን ግን አላስረከቡም። ዛሬም ለቅሶ ቤት ገብተው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ማን እንዳልመጣ ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሓወልቲ አካባቢ ወዳለ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ገቡ። ባንኮኒው ላይ የምትሠራው ረምላ ገና ስታያቸው ፈገግ አለች፤ በዚህ ዓመት ብቻ ሰባት ጊዜ ትኬት ቆርጣላቸዋለች።

«ሲስተም የለም አባቴ፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው።

ሲስተም መቼ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለምና፣ መምህር አስናቀ አንድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ መነጽር ያደረገች ወጣት ገባች። አየቻቸውና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«ከመይ ሓዲሮም መምህር? እንዴት አደሩ?»

እርሳቸው ተማሪን የሚያስታውሱት በመልኩ አይደለም፤ በቀረበት ቀን ነው። ለአፍታ አዩዋትና «ትምኒት ጎደፋ» አሉ። «ስምንተኛ ቢ። ዓመቱን ሙሉ የቀረሽው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ኩፍኝ ይዞሽ።»

«ሐቂ ነው። አደይ፣ እናቴ ራሷ መጥታ ካልመሰከረች አላመኑኝም ነበር።»

«ከዚያ ቃላሚኖ ልዩ ትምህርት ቤት ተፈትነሽ አለፍሽ። አሁንስ የት ደረስሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ጥናቴ ሰው ከሀገር ሀገር ሲጓዝ የሚያወጣውን ጭስ መለካት ነው፤ የካርቦን አሻራ ይሉታል።»

«ጭስም ይለካል? ጎበዝ። ታዲያ ዛሬ ወዴት ልትበሪ ነው?»

«የትም አልበር። ትኬት ልመልስ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ነበረኝ፤ በኢንተርኔት ልካፈለው ብዬ ተውኩት።»

ይህ ነገር ለመምህር አስናቀ አልጣማቸውም። በእርሳቸው አቆጣጠር ሰው ተጠርቶ ቀረ ማለት ነው።

«ልጄ፣ መቅረት የሚጀመረው እንዲህ በቀላሉ ነው» አሉ። «እኔን እዪኝ። ነገ የአጎቴ ልጅ አርባ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከቁሓ አየር ማረፊያ እነሣለሁ፤ ለምሳው እደርሳለሁ፤ ማታ ለተመድህን ራት ሳታቀርብ ቤቴ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሽምግልና እመለሳለሁ። በሃያ ሰባት ደግሞ የወንድሜ የፍቃዱ ሙት ዓመት ነው። ሦስት ጉዞ በአንድ ወር፤ አንዱንም አልቀርም።»

የተማረ ወጣት የአባቱን እኩያ ሲያርም ወይ ይቸኩላል ወይ ይፈራል፤ ትምኒት ሁለቱንም ላለማድረግ ቃል እየመረጠች ነበር።

«መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«በጥያቄ የሚቀየም መምህር አይደለም።»

«ከሦስቱ ጉዞ አንዱን ብቻ ሄደው፣ እዚያው ቆይተው ሁሉንም ቢጨርሱትስ? ከሁሉም አይቀሩም። ሁለቱ በረራ ግን ይቀራል።»

«በረራው ቢቀር ምን ይጠቅመኛል? እኔ በመስኮት አይቻለሁ፤ ከአውሮፕላን ጭስ አይወጣም። ጭስ የሚያወጣው ያ የከሰል ነጋዴ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሻከረ፤ ምክንያትም ነበራቸው። በወጣትነታቸው በየክረምቱ ተማሪዎቻቸውን እየመሩ ከከተማው በላይ ባለው ጋራ ላይ እርከን ሠርተዋል፤ ችግኝ ተክለዋል። በጦርነቱ መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት ነዳጅም መብራትም ሲጠፋ ያ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ሆነ። ሰው ወዶ እንዳላደረገው ያውቃሉ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ጆንያ ከሰል የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«እንግዲያው በከሰል እንቁጠረው» አለች ትምኒት። ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። «አንድ ሰው ከዚህ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ደርሶ ሲመለስ በእርሱ ድርሻ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ በግምት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሦስት ኪሎ ያወጣል።»

«ቆይ፣ ቆይ! አንድ ኪሎ ከሰል እንዴት ሦስት ኪሎ ይወጣዋል? ሥራውን አሳዪኝ።»

ትምኒት ሳቀች፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለች በዚህችው «ሥራውን አሳዪኝ» ስንት ጊዜ ነጥብ እንደተቀነሰባት ትዝ አላት። «ከሰሉ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይጨምራል መምህር። የሚወጣው ጋዝ የሁለቱ ድምር ነው። ዐይን አያየውም እንጂ ይመዘናል።»

መምህር አስናቀ ወረቀቱን ወስደው ራሳቸው አካፈሉት። ሃምሳ ኪሎ ወጣ፤ አንድ የጠገበ ጆንያ። በሰባት አባዙት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ሰባት ጆንያ ከሰል» አሉ። «በአንድ ሽማግሌ።»

ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት በሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው በአንድ ማካፈል እጅ አይሰጥም። ወንበራቸውን ወደ እርሷ ጠጋ አደረጉ።

«መልሱ ልክ ነው እንበል። ጥያቄው ግን ለማን ነው? ዓለሙን በጭስ የሞሉት ፈረንጆች ናቸው። በየቀኑ ሚሊዮን አውሮፕላን እያበረሩ እኔን አርባ ከመውጣት ይከለክሉኛል?»

«ይህንስ እውነት ብለዋል። ትልቁ ዕዳ የእነርሱ ነው፤ እኔም በየስብሰባው እሱኑ ነው የምናገረው። ግን ዝናብ ሲቀር ራያ ያለውን ገበሬ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቀውም። ደግሞ አንድ ነገር አለ መምህር። ከነዳጅ የሚወጣውን ብቻ ብንቆጥር፣ የሀገራችን ሰው በአማካይ ዓመቱን ሙሉ የሚያወጣው እርስዎ ነገ በአንድ ቀን ከሚያወጡት ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ በዚያ ገበሬ ፊት እኔና እርስዎ ነን ፈረንጆቹ።»

መምህር አስናቀ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ተብለዋል፤ ፈረንጅ ግን ተብለው አያውቁም። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«አውሮፕላኑ እኔ ብቀርም ይበርራል» አሉ በመጨረሻ።

«አንድ ተማሪ ‹እኔ ብቀርም ክፍሉ ይማራል› ብሎ ቢጠፋ ምን ይሉት ነበር?»

«ክፍል የሚጎድለው በአንድ በአንድ ነው እለው ነበር» አሉ ሳያስቡት፤ ካሉትም በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው። ረምላም ከባንኮኒው ኋላ አብራ ሳቀች። ሲስተም የሌለው ሰው ጆሮው ሥራ አይፈታም።

«በረራም እንዲሁ ነው» አለች ትምኒት። «ባዶ ወንበር ሲበዛ በረራው ይቀነሳል፤ ሲሞላ ይጨመራል። በአውቶቡስ ቢሄዱ ጭሱ ወደ ሢሶ ይወርዳል። ብቻዎን በቤት መኪና ቢሄዱ ግን ከአውሮፕላኑም ይብሳል።»

«አውቶቡሱን ለጉልበቴ ንገሪው። በአፋር በኩል ዞሮ እስኪደርስ እግሬ ይደርቃል። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ዓምና ስንት ጊዜ በረርሽ?»

ትምኒት ቀላች። «አምስት ጊዜ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ጭስ ስለ መቀነስ ለመነጋገር።»

«አይ ልጄ!» አሉ መምህር አስናቀ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ለቅሶ ደራሹን ትወቅሺ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ። አፍሬበታለሁም። ለዚህ ነው ዛሬ ትኬት ልመልስ የመጣሁት። ከአምስቱ ሦስቱን ሳልሄድ መሥራት እንደምችል ደረስኩበት፤ ኔትወርኩ ካልከዳኝ። ሁለቱን ግን እሄዳለሁ፤ ፊት ለፊት ካልተቀመጡ የማያልቅ ነገር አለ። አይሂዱ አላልኩዎትም መምህር። በየሳምንቱ አይመላለሱ ነው ያልኩት።»

አንባቢ እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሰው ልማዱን የሚይዘው በሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሒሳብ ይለቅቅ ነበር። መምህር አስናቀ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ትምኒት፣ ያኔ አንቺም እዚህ ነበርሽ። መንገዱም አየሩም ስልኩም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ወንድሜ ፍቃዱ አዲስ አበባ ሞተ። እኔ የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶ፣ ሰማንያው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ። እኔ ቀሪ ነበርኩ። በሕይወቴ አንድ ቀን፣ ከሁሉ በሚበልጠው ቀን። ያኔ ማልኩ፤ ሰማዩ ከተከፈተ ከእንግዲህ ከማንም ለቅሶ አልቀርም ብዬ። አሁን ተከፍቷል። አንቺ ደግሞ አትመላለስ ትዪኛለሽ።»

ትምኒትም በእነዚያ ዓመታት ያልቀበረቻቸው ሰዎች ነበሯት። የሒሳቡን ወረቀት ስታነሣው ከባድ ሆኖ ተሰማትና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቁጥር የማይገባበት ቦታ እንዳለ ማወቅም ትምህርት ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ቆይታ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ስለ ጭስ አይደለም። እነ ፍቃዱ ቤት አሁን ማን አለ?»

«ታናሽ እህታችን የኔአለም። ኮተቤ ነው ቤቷ። እርሷው ናት ያስታመመችው።»

«በሰባቱ ጉዞ ስንት ቀን እርሷ ዘንድ አደሩ?»

«አላድርም አልኩሽ እኮ። ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ድንኳን ውስጥ እንገናኛለን።»

«ስንት ሰዓት ይሆናል ሁሉም ሲደመር?»

መደመር የለመደ አእምሮ ተቃወመም አልተቃወመም ይደምራል። አንዱ ቀን ሁለት ሰዓት፤ ሌላው አንድ ተኩል፤ አንድ ጊዜ ከቦሌ ኮተቤ መኪና ተጨናንቆ ሃያ ደቂቃ። አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። በሰባት ጉዞ የቀን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። ያውም በሰው መሀል፣ ዐይናቸው ሰዓታቸው ላይ ሆኖ።

«ፍቃዱ እንዴት ነበር ያረፈው መምህር? ምን አለ?» አለች ትምኒት በዝግታ።

መምህር አስናቀ አያውቁም። ኩላሊቱ እንደነበር ሰምተዋል፤ ከዚያ ሌላ የሚያውቁት የለም። ባለፈው ጊዜ ከድንኳኑ ሲወጡ የኔአለም እስከ በር ሸኝታቸው፣ «ወንድምዓለም፣ ሰው ሁሉ ወንድምሽ መጣ ይለኛል፤ ለእኔ ግን አንድም ቀን መጥተህ አታውቅም» ብላቸው ነበር። በዚያን ሰዓት ታክሲው ይጠብቅ ስለነበር ነገሩን አልሰሙትም። አሁን፣ ሲስተም በሌለበት ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰሙት። ዐይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትምም።

«ሲስተም መጥቷል» አለች ረምላ ቀስ ብላ። «ሦስቱንም ደርሶ መልስ ልቁረጥ አባቴ?»

«አንዱን ብቻ» አሉ መምህር አስናቀ። «የነገውን መሄጃ። መመለሻውን ተዪው።»

«መቼ ይመለሳሉ ታዲያ?»

«እህቴ ስታሰናብተኝ።»

በማግሥቱ አርባው ላይ ተገኙ። ሰው ሲበተን እርሳቸው አልተነሡም፤ ማታ ከእህታቸው ጋር ኮተቤ ገቡ። የኔአለም ሻንጣቸውን አይታ ሕልም ይሁን እውን መለየት አቃታት። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን እንደ እንግዳ አስተናገደቻቸው፤ ደህናውን ሳህን አወጣች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ደጋግማ «ብላልኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰፌድ ላይ ምስር ዘረገፈችና «ና ልቀምልኝ» አለቻቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው እየለቀሙ ሳለ፣ እርሳቸው ምንም ሳይጠይቁ ጀመረች።

«ፍቃዱ በየጠዋቱ ‹መንገዱ ተከፈተ?› ይለኝ ነበር። አልተከፈተም እለዋለሁ። በመጨረሻው ሳምንት መጠየቁን ተወና ‹መከፈቱ አይቀርም፤ ሲከፈት አስናቀ ይመጣል› አለኝ። ‹ሲመጣ አስቀምጪው። እሱ በር ላይ ቆሞ ስም መጥራት ነው የሚወደው። አስቀምጪውና እንዳልተቀየምኩት ንገሪው› አለኝ።»

የመምህር አስናቀ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ሰባት ጊዜ ልነግርህ ነበር ወንድምዓለም። ግን አስቀምጪው ነው ያለኝ፤ አንተ ደግሞ አልተቀመጥክም።»

ያን ጠዋት ወንድማቸውን አለቀሱ። ድንኳን አልነበረም፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚያይም አልነበረም። ምስሩ ሳይለቀም ዋለ።

ሽምግልናውም ደረሰ፤ የፍቃዱ ሙት ዓመትም በሃያ ሰባት ተዘከረ፤ ከሁሉም አልቀሩም። ሲመለሱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጉልበታቸው አፋር ላይ ክፉኛ ጮኸባቸው፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እየወረዱ ተንጎራደዱና መቀሌ ደረሱ። ለተመድህን እግራቸውን በሙቅ ውሃ እያሸች፣ «ዕብድ ሽማግሌ» አለቻቸው፤ በዚያው አፏ ደግሞ ፊታቸው እንደበራ ነገረቻቸው።

በወሩ የእድራቸው ስብሰባ ነበር። እድሩ ከመሀል ሀገር መጥተው መቀሌ የከረሙ ሰዎች የመሠረቱት ነው። የአባል ወላጅ አዲስ አበባ ሲሞት አምስት ሰው በአውሮፕላን ይላካል፤ አምስቱም ድንኳን ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ልማዱን ያመጡት ራሳቸው መምህር አስናቀ ነበሩ። የእድሩ ዳኛ አቶ እንድርያስ ለአዲስ ለቅሶ አምስት ስም ሲጠይቁ፣ መምህሩ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ሰው ይሂድ» አሉ። «ሄዶ እስከ ሰልስቱ ይቀመጥ። ውሃ ይቅዳ፣ ወንበር ይደርድር፣ ሐዘንተኛው ማውራት ሲፈልግ ይስማ። ሌሎቻችን በስልክ እናጽናና፤ ሐዘንተኞቹ ሲመለሱ ደግሞ እዚሁ ቤታቸው እንቀመጥ። አምስት ሰው በአውሮፕላን ሲመላለስ አምስት ጆንያ ከሰል ያህል ጭስ እንለቃለን፤ አንድ ሰዓት ፊት ለማሳየት። አንድ ሰው ሄዶ ቢቆይ አራቱ ጆንያ ይቀራል፤ ሐዘንተኛውም አንድ ሰዓት ሳይሆን ሦስት ቀን ያገኛል። ጉልበት ያለው በአውቶቡስ ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ነው። ሒሳቡን የምታሳየን አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ካልገባችሁ እጠራታለሁ። ሰማዩ የልጆቻችንም ነው፤ በለቅሶ ስም አናጥቁረው።»

አቶ ገብረሕይወት፣ በሚስታቸው በኩል ከሸዋ የተዛመዱ የእድሩ ሽማግሌ፣ አልተዋጠላቸውም። «ሓወይ አስናቀ፣ ወንድሜ፣ ሌሎቻችን ቀሪ አንባልም ወይ? ከሁላችን ይልቅ መቅረት የምትጠላው አንተ አልነበርክም?»

የመምህር አስናቀ ዐይን እንደ ልማዱ አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ መሬት ላይ አረፈ።

«ሰባት ጊዜ ተገኝቼ ሰባቱንም ጊዜ የቀረሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ወንድሜ ሞቶ እንኳ ይጠብቀኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም። እድሩ አንድ ሰው መረጠ፤ እርሱም ሦስት ቀን የሚያስቀምጥ ልብስ ይዞ በማግሥቱ ሄደ።